የሥጋ ዶሮ ፋይበር ያስፈልጋታል? አዎ፣ ግን የቱ?

ስለ ሥጋ ዶሮ መኖ ሲወራ ፋይበር፣ ማለትም የዶሮ ኢንዛይም የማይፈጨው የተክል ክፍል፣ ብዙ ጊዜ እንደ ጠላት ነው የሚነሳው። «ፋይበር ከበዛ ዶሮ አታድግም» ይባልና ወሬው እዚያው ያልቃል። በሌላ በኩል ደግሞ መኖ ሲወደድ ፉሩሽካውን ዝም ብሎ የሚጨምር አለ። ዶሮዎቹ ይበላሉ፣ ሆዳቸው ይሞላል፣ ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን ኪሎው የለም።

ሁለቱም ወገን ፋይበርን እንደ አንድ ነገር ነው የሚያየው። አይደለም። ተመርጦ የገባ ትንሽ ፋይበር የዶሮዋን ሆድ ያጠነክራል፣ የበላችው በደንብ እንዲፈጭ ያደርጋል፣ ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ጉዝጓዝ ቶሎ እንዳይረጥብም ያግዛል። እንደነገሩ የገባው ደግሞ የመኖውን ኃይል ያወርዳል፣ ኩሱን ያቀጥናል፣ አንጀት ውስጥ የማይፈለግ ባክቴሪያ ይቀልባል። ልዩነቱን የሚያመጡት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። ውሃ ውስጥ ይሟሟል ወይስ አይሟሟም? ቁርጥራጩ ምን ያህል ትልቅ ነው? ምን ያህልስ ገባ? ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ሦስተኛውን ብቻ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ በብዛት የሚረሳውና ብዙ የሚለውጠው ሁለተኛው ነው።

መጀመሪያ ሆዷን እንወቅ

ዶሮ ጥርስ የላትም። የበላችው አንገቷ ሥር ባለው ከረጢት ይጠራቀማል፣ እዚያ ትንሽ ይርሳል። ከዚያ አሲድና ኢንዛይም ወደሚያመነጨው ትንሽ ጨጓራ ይወርዳል። ቀጥሎ ያለው ጡንቻማው ሆድ ነው የዛሬው ባለጉዳይ። ወፍራም ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ውስጡ ቢጫና አረንጓዴ በሆነ ሻካራ ሽፋን ተለብጧል። ከዚህ በኋላ መፍጫው እያልኩ እጠራዋለሁ።

ሥራው የወፍጮ ነው። ልዩነቱ፣ ወፍጮ ሥራ ቢፈታ መጠኑ አይቀንስም፤ ይሄኛው ግን ይቀንሳል። ትልልቅ ቁራጭ ሲገባለት እስኪደቅ ድረስ ይይዘዋል፤ በጥቅሉ አንድ ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ካልሆነ አብዛኛውን አያሳልፍም። ይዞ ሲጨምቅ ደግሞ የያዘውን ወደ ኋላ፣ ወደ አሲዱ ጨጓራ ይመልሰዋል፣ እንደገና ይቀበለዋል፣ እንደገና ይጨምቃል። በዚህ መሃል ምግቡ አሲዱን በደንብ ይጠግባል፣ ከሐሞትና ከቆሽት የሚመጣው ፈሳሽም ይጨምራል።

አሲዱ ቀላል ነገር አይደለም። ፕሮቲን መፍጨት የሚጀምረው ፔፕሲን የሚባል ኢንዛይም የሚሠራው አሲድ ውስጥ ነው። ከመኖና ከጉዝጓዝ ጋር የሚገቡ ብዙ ባክቴሪያዎችም እዚያ ላይ ነው የሚቀሩት። መፍጫው ጠንካራ የሆነ ዶሮ ውስጥ አሲዱ ይበረታል፣ ለታችኛው አንጀት የሚደርሰው ምግብም ንጹሕና የደቀቀ ይሆናል።

አሁን መኖው ሁሉ እንደ ሊጥ ዱቄት የደቀቀ ነው እንበል። መፍጫው የሚይዘው የለም። ዝም ብሎ ያሳልፋል። ጡንቻው ይሳሳል፣ ከአሲዱ ጨጓራ ጋር ያለው ልዩነት ይጠፋል፣ ሁለቱም ልል ከረጢት ይሆናሉ። የሥጋ ዶሮ ደግሞ በሆዳምነቷ የተመረጠች ዝርያ ናት፤ መብላቱን አታቆምም። ስለዚህ ያልተፈጨ ስታርችና ፕሮቲን ወደ ታች ይወርዳል፣ ፕሮቲኑ አንጀቷ መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ጫፋቸው ዝግ የሆነ ዕውር አንጀቶች ውስጥ ይበሰብሳል፣ የተረፈው ኩስ ሆኖ ጉዝጓዙ ላይ ያርፋል። መኖ የገዛችሁበት ገንዘብ ማለት ነው እዚያ የተኛው።

ፋይበሩን ራሱን ዶሮ አትፈጨውም። ሴሉሎስን የሚሰብር ኢንዛይም የላትም። እነዚሁ ዕውር አንጀቶች ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ጥቂቱን ያብላሉታል፤ ከዚያ አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የሚባሉ አሲዶች ይወጣሉ፣ ቡቲሬቱ የአንጀት ግድግዳ ህዋሳትን ይመግባል። ጥሩ ነው። ኃይሉ ግን ትንሽ ነው፤ ላም አይደለችም። ስለዚህ ፋይበር ስትሰጡ ዶሮዋን ልትቀልቡ ሳይሆን መፍጫውን ልታሠሩ ነው።

የሚሟሟውና የማይሟሟው

የማይሟሟው ሴሉሎስና ሊግኒን የበዛበት ነው። የአጃ ገለፈት፣ የሱፍ ገለፈት፣ የሩዝ ገለፈት፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ሁሉ እዚህ ይመደባሉ። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ብታድሩ ጠዋት እንደነበረ ታገኙታላችሁ። መፍጫው የሚፈልገው ይሄን ነው።

የሚሟሟው ሌላ ጠባይ አለው። ስንዴና የስንዴ ዘመድ የሆኑት ራይና ትሪቲካሌ ውስጥ አራቢኖዛይላን አለ፤ ገብስና አጃ ውስጥ ቤታ ግሉካን አለ። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ አንጀት ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ዝልግልግ ያደርገዋል። ኢንዛይሞቹ ምግቡ ጋ ለመድረስ ይቸገራሉ። ከሁሉ የሚጎዳው የስብ መፈጨት ነው። ምግቡ ትንሹ አንጀት ውስጥ ይጓተታል፣ የተጓተተ ምግብ ላይ ባክቴሪያ ይረባል። ከእነዚህ አንዱ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ነው፤ ኔክሮቲክ ኢንቴራይቲስ የሚባለውን የአንጀት በሽታ የሚያመጣው እሱ ነው። በሽታው እንዲነሳ ብዙ ጊዜ ሌላም ምክንያት ያስፈልጋል፣ በተለይ ቀድሞ የገባ ኮክሲዲዮሲስ የሚባል የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ በሽታ፤ ዝልግልግ አንጀት ግን መንገዱን ይጠርግለታል።

ምልክቱን በእጃችሁ ታገኙታላችሁ። ኩሱ ይጣበቃል። የጫጩቷ ቂጥ ላባ ላይ ይደርቃል። ጉዝጓዙ ላይ ደግሞ ቆዳ የመሰለ ንጣፍ ይሠራል።

ስንዴ ወይም ገብስ በብዛት የምትጠቀሙ ከሆነ መፍትሔው አለ፤ ለስንዴ ዛይላኔዝ፣ ለገብስ ቤታ ግሉካኔዝ የሚባለውን ኢንዛይም መኖው ውስጥ መጨመር። መጠኑ ከምርት ምርት ይለያያል፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፣ መኖው በእንፋሎት ሞቆ እንክብል የሚሆን ከሆነ ኢንዛይሙ ሙቀቱን የሚችል ዓይነት መሆኑን ጠይቁ። ሙቀት ያቃጠለው ኢንዛይም ውድ አቧራ ነው።

ከረጢቱ ላይ ያለው ቁጥር

የመኖ ከረጢት ላይ ክሩድ ፋይበር የሚል ቁጥር አለ። ለሥጋ ዶሮ ብዙውን ጊዜ ከ5 በመቶ አይበልጥም፣ ትክክለኛው ይዘት ደግሞ ከ2.5 እስከ 4 በመቶ መሃል ይሆናል። ቁጥሩ ከንቱ አይደለም፣ ግን ብዙ አይነግራችሁም። ዘዴው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ነው። ናሙናው በአሲድ ይቀቀላል፣ ቀጥሎ በአልካሊ ይቀቀላል፣ የተረፈው ይመዘናል። በመቀቀሉ መሃል የሚሟሟው ፋይበር ይጠፋል፣ ከማይሟሟውም ከፊሉ አብሮ ይሄዳል።

ለምሳሌ በቆሎና ስንዴን ውሰዱ። የሁለቱም ክሩድ ፋይበር ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። ወረቀት ላይ ወንድማማቾች ናቸው። አንጀት ውስጥ ግን በቆሎው ፈሳሹን ብዙም ዝልግልግ አያደርገውም፣ ስንዴው ያደርገዋል። ቁጥሩ ይሄን አይለይም። የቁራጩን መጠንም አይነግራችሁም፤ 3 በመቶ ፋይበር ያለው መኖ ሁሉ ዱቄት ሊሆን ይችላል፣ ሁሉ ክክ ሊሆንም ይችላል።

ስለዚህ ወንፊት ያዙ። አንድ እፍኝ መኖ ውሰዱ፣ መዝኑት። እንክብል ከሆነ ውሃ በሞላ ጣሳ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉት፤ ይፈርሳል። ቀዳዳው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ወንፊት ላይ ገልብጡትና ከላይ በቀስታ ውሃ እያፈሰሳችሁ በጣታችሁ አሹት። ጭቃ የመሰለው ሁሉ ወርዶ ወንፊቱ ላይ ጥቂት የበቆሎ ቅርፊትና ሁለት ሦስት ፍርፋሪ ብቻ ከቀረ፣ ያ መኖ ከውጭ ሲታይ ትልቅ እንክብል ይሁን እንጂ ለመፍጫው ዱቄት ነው። እንክብሉ አንገቷ ሥር ካለው ከረጢት ጀምሮ መፍረስ ይጀምራል፣ መፍጫው ጋ የሚደርሰው ይሄ ያያችሁት ጭቃ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ወንፊቱ ላይ የቀረውን አድርቃችሁ ብትመዝኑ ደግሞ ከመነሻው ምን ያህሉ ሻካራ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከእህሉ ቢያንስ ከአምስት አንድ እጅ የሚሆነው ከ1.5 ሚሊ ሜትር የበለጠ ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው።

መኖውን ራሳችሁ የምታስፈጩ ከሆነ እንግዲህ የመጀመሪያው መፍትሔ ምንም አይጠይቅም። የወፍጮውን ወንፊት ቀይሩ፣ በቆሎውን ሸካራ አድርጉት። ፋይበር ሳትገዙ ግማሹን መንገድ ሄዳችሁ ማለት ነው። ግማሹን ያልኩት የበቆሎ ክክ መፍጫው ውስጥ ቶሎ ስለሚሰበር ነው፤ ገለፈት ግን አልበገር ይላል፣ ረጅም ጊዜ ያሠራዋል።

ምንጩን መምረጥ

የአጃ ገለፈት ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ። ክሩድ ፋይበሩ 30 በመቶ ገደማ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ በዶሮ መኖ ላይ በተደጋጋሚ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት የታየበት ነው። የሱፍ ገለፈትም ያስኬዳል። የሩዝ ገለፈት ክሩድ ፋይበሩ 40 በመቶ አካባቢ ቢሆንም ሲሊካ የበዛበት ስለሆነ በጣም ሻካራ ነው፤ ሌላ ካልተገኘ በትንሹ። የሩዝ ብናኝ የሚባለው ውስጡ ዘይት ያለበት ክፍል ግን ሌላ ዕቃ ነው፣ ገለፈት ተቀላቅሎበት ሊሸጥም ይችላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይከረፋል። ብታሸቱት ትለዩታላችሁ።

ያልተላጠ የሱፍ ፋጉሎ ፋይበርና ፕሮቲን በአንድ ላይ ይሰጣችኋል። ፋይበሩ 25 በመቶና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ላይሲን የሚባለው አስፈላጊ የፕሮቲን ክፍል አነስተኛ ስለሆነ የአኩሪ አተሩን ቦታ ሙሉ በሙሉ እንዲይዝ አትጠብቁ። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ላይ ጎሲፖል የሚባል መርዛማ ነገር አለ፤ ፋይበር ፍለጋ ብላችሁ ወደዚያ አትሂዱ።

ፉሩሽካስ? ፋይበሩ 10 በመቶ ገደማ ነው፣ አብዛኛው የማይሟሟ ነው። እስከዚህ ጥሩ። ችግሩ ስስ ነው፣ ቀላል ነው፣ መፍጫው ውስጥ ብዙ አይቆይም። ፉሩሽካ መጥፎ መኖ አይደለም፤ ለዚህ ሥራ ግን ደካማ መሣሪያ ነው። ኃይሉን ደግሞ ቁጭ ብለን እንቁጠረው።

አንድ ኪሎ በቆሎ ለዶሮ ወደ 3,350 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። አንድ ኪሎ ፉሩሽካ 1,300 ገደማ ነው። ከመኖው 5 በመቶ የሚሆነውን በቆሎ አውጥታችሁ በፉሩሽካ ብትተኩ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ መኖ ላይ 100 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ወርዷል። የሥጋ ዶሮ መኖ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 3,200 ኪሎ ካሎሪ ነው የሚዘጋጀው፤ 100 መቀነስ ቀላል አይደለም። በዘይት ልመልሰው ካላችሁ ወደ 2 በመቶ ዘይት ያስፈልጋል። አሁን ሒሳቡን ሥሩ፤ ፉሩሽካው ያተረፈላችሁን ዘይቱ ይወስደዋል። 10 በመቶ፣ 15 በመቶ ፉሩሽካ የሚያስገባ ሰው መኖ አላረከሰም፣ ዶሮዎቹ ብዙ እንዲበሉና ዘግይተው እንዲደርሱ ነው ያደረገው። ትንንሽ ጫጩቶች ደግሞ ብዙ በልተው ማካካሱንም አይችሉበትም፣ ሆዳቸው ትንሽ ነው።

3 በመቶ ገለፈት በበቆሎ ፈንታ ብታስገቡ በወረቀት የሚወርደው ኃይል ያው 100 አካባቢ ነው፤ ገለፈቱን ኃይል አልባ ብለን ብንቆጥረው። ልዩነቱ እዚህ ጋ መፍጫው ይሠራል፣ ከስታርቹና ከስቡ የሚፈጨው ይጨምራል፣ ስለዚህ ከወረደው ከፊሉ ይመለሳል። ሁሌም ሙሉ በሙሉ ይመለሳል የሚል ካለ አትመኑት። ቀድሞውንም ሻካራ የሆነ መኖ የምትሰጡ ከሆነ ብዙ ለውጥ ላታዩ ትችላላችሁ።

ምንም ዓይነት ገለፈት ቢሆን ግን ሻጋታ የሸተተውን አትንኩ። የሻጋታ መርዝ በብዛት የሚከማቸው የእህሉ ውጫዊ ክፍል ላይ ነው፤ እናንተ ደግሞ የምትገዙት ያንኑ ክፍል ነው። እጃችሁን ከረጢቱ ውስጥ እስከ ክርናችሁ አስገቡ፣ መሃሉ ከሞቀ ወይም ከረጠበ መልሱት።

አሁን እንቀላቅል

መቶ ኪሎ መኖ ነው የምታዘጋጁት እንበል። ከበቆሎው ላይ 2 ኪሎ ቀንሱ፣ 2 ኪሎ የአጃ ወይም የሱፍ ገለፈት አስገቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በዚህ ቆዩ። ዶሮዎቹ ከለመዱትና ኩሱ ጥሩ ከሆነ 3 ኪሎ አድርጉት። ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ 5 ኪሎ ከደረሳችሁ ጥቅሙ ቆሞ ኪሳራው ጀምሯል። ሙሉ ሆኖ የተገዛ ዱቄት መኖ ከሆነ ደግሞ 98 ኪሎ መኖ ላይ 2 ኪሎ ገለፈት ጨምሩ፤ ሁሉም ንጥረ ነገር በ2 በመቶ ብቻ ይሳሳል፣ ዶሮዎቹ ትንሽ ጨምረው በመብላት ያካክሱታል።

የገለፈቱ መጠን ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፣ ለጫጩት ወደ ታችኛው፣ ላደገው ወደ ላይኛው። በወፍጮ ካደቀቃችሁት ሥራውን ገደላችሁት። ረጃጅም ጭረት ያለው ነገር፣ ማለትም ያልተቆራረጠ ሣር ወይም የገለባ ዘንግ፣ ጭራሽ አታስገቡ፤ ይጠላለፍና ሆዷን ይዘጋዋል።

ገለፈት ቀላል ስለሆነ ከሌላው ጋር አልዋሃድ ይላል። ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከረጢት ውስጥ ሲጓዝ ይለያል። መጀመሪያ በቆሎውንና ፋጉሎውን ቀላቅሉ። ገለፈቱን እያሰራጫችሁ ጨምሩ። ፕሪሚክሱን (የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅሉን) እና ጨውን ብቻውን አትበትኑት፣ አስቀድማችሁ ከጥቂት ኪሎ ዱቄት ጋር አዋህዳችሁ ነው የምታስገቡት። መኖው ዘይት ካለው መጨረሻ ላይ ስታፈሱት ገለፈቱንና ብናኙን አብሮ ይይዘዋል። የቀላቀላችሁትን በትንንሽ መጠን፣ ቶሎ ቶሎ አውጡ። መመገቢያው ግርጌ ገለፈት ብቻ ተጠራቅሞ ካያችሁ ወይ ቅልቅሉ አልተዋሃደም ወይ ቁራጩ በዝቶ ዶሮዎቹ እየመረጡ ነው። ያንን ካልጨረሱ ሌላ አትጨምሩ፣ ግን አታስርቧቸው፤ በቀጣዩ ቅልቅል ቁራጩን አሳንሱት።

እንክብል ለምትሰጡ ሰዎች ነገሩ ይለያል። እንክብል ላይ ገለፈት ብትበትኑ እንክብሉን ለቅመው ገለፈቱን ይተዉታል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ መኖውን የሚያዘጋጅላችሁን ሰው እህሉን ሸካራ አድርጎ እንዲፈጭና ገለፈቱን ከመጨመቁ በፊት እንዲያስገባ መጠየቅ። ሁለተኛው ከእንክብሉ ጋር ሙሉ የስንዴ ፍሬ መስጠት ነው፤ ከ10ኛው ቀን አካባቢ ከመኖው 5 በመቶ ጀምራችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ወደ መጨረሻው 20 በመቶ ድረስ። ስንዴው ፕሮቲኑ ከመኖው ያነሰ ስለሆነ ግን ብዙ ስትሰጡ ሌላው መኖ ጠንከር ያለ መሆን አለበት። ይሄን ማስተካከል የማትችሉ ከሆነ 10 በመቶ ላይ ቁሙ።

ጠጠርን በተመለከተ ብዙ ክርክር አለ። ዱቄትና እንክብል ብቻ የምትበላ ዶሮ ጠጠር አያስፈልጋትም። ሙሉ ፍሬ ከሰጣችሁ ትንሽ የማይሟሟ ድንጋይ፣ እንደ ግራናይት ያለ፣ ይጠቅማል። የኖራ ድንጋይ አይሆንም፤ አሲዱ ያሟሟዋል፣ የካልሲየሙንም ሚዛን ያዛባባችኋል።

በዕድሜ

በመጀመሪያው ሳምንት አንጀቷ ከሌላው አካሏ ፈጥኖ ነው የሚያድገው። በእነዚህ ቀናት ዋናው ነገር ሙቀት፣ ውሃና ቶሎ መብላት መጀመሯ ነው፤ ፋይበር ሁለተኛ ነው። ከተሰጠም ቁራጩ ትንሽ፣ መጠኑ 2 በመቶ ይሁን። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ወደ 3 ማሳደግ ይቻላል። ከአንድ ዓይነት መኖ ወደ ሌላ ስታዞሩ ደግሞ በአንድ ሌሊት አታድርጉት። ከ3 እስከ 5 ቀን እያቀላቀላችሁ፣ አዲሱን ከሩብ ወደ ግማሽ፣ ከግማሽ ወደ ሦስት ሩብ እያሳደጋችሁ ሂዱ። የአንጀት ባክቴሪያውም መልመድ አለበት።

ውጤቱን ማንበብ

ጠዋት ቤቱ ውስጥ ስትገቡ መሬት መሬት እዩ። ጤናማ ኩስ ቅርጽ አለው፣ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር አለበት፤ ነጩ ሽንት ነው። አልፎ አልፎ ቡናማ፣ ለስላሳ፣ የሚከረፋ ኩስ ታያላችሁ። አትደንግጡ፣ ከዕውር አንጀቶቹ የሚወጣው እንደዚያ ነው፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ይወጣል። ብዙ ሰው እሱን አይቶ ተቅማጥ ነው ብሎ መድኃኒት ያጠጣል። የሚያሳስበው ሁሉም ኩስ እንደዚያ ሲሆን፣ ወይም የበቆሎ ፍርፋሪ እንዳለ ኩሱ ውስጥ ሲታይ ነው። ደም ወይም ቀይ ንፍጥ ካያችሁ ግን የፋይበር ጉዳይ አይደለም፤ ኮክሲዲዮሲስም ሆነ የአንጀት በሽታ ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፣ መኖ እየቀያየራችሁ ጊዜ አታጥፉ።

ጉዝጓዙንም በእጃችሁ ጨብጡ። ከመጠጫው ራቅ ካለ ቦታ አንድ እፍኝ አንሱ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ጨብጡና ልቀቁት። መጀመሪያ ተያይዞ ወዲያው ከተፈረካከሰ ጥሩ ነው። እንደ ድቡልቡል ጭቃ ከቆየ እርጥቧል። ጭራሽ ካልተያያዘና አቧራ ከሆነ ደርቋል። እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ የቆመች ዶሮ የእግሯ መዳፍ ይቆስላል፣ የአሞኒያው ሽታም ዓይኗን ያቃጥላታል። ግን እርጥበቱን ሁሉ በመኖ አታሳብቡ። የሚንጠባጠብ መጠጫ፣ ጨው የበዛበት መኖ፣ ሙቀት፣ አየር ማጣት ሁሉ ያረጥባሉ። ዶሮ በጥቅሉ የበላችውን መኖ ክብደት ከ1.6 እስከ 2 እጥፍ ውሃ ትጠጣለች፤ ከዚያ በላይ ከወጣ መጀመሪያ ጨውንና ሙቀቱን ፈትሹ።

ዶሮዎቹ ጉዝጓዙን እየበሉት ከሆነ ደግሞ የጎደላቸውን እየፈለጉ ነው። መኖ ላይ ሻካራ ነገር ሲያጡ ፍቅፋቂ ይለቅማሉ። ክፋቱ ከኩስ ጋር መሆኑ ነው። ቅድም ያልኩትን ገለፈት መኖው ውስጥ ስታስገቡ ይሄ ልማድ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ የሚነግራችሁ ግን መፍጫው ራሱ ነው። ዶሮ ስታርዱ ወይም የሞተ ሲገኝ አትጣሉት፣ ክፈቱት። መጀመሪያ ከውጭ ዳስሱት። ጠጣር፣ ክብ፣ ጥቁር ቀይ ጡንቻ መሆን አለበት። ከአሲዱ ጨጓራ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጠበብ ያለ አንገት ካለው ጥሩ ነው። ሁለቱ አብጠው አንድ ከረጢት ከመሰሉ፣ በጣት ስትጫኑት ከገባ፣ መፍጫው ሥራ ፈትቷል ማለት ነው። በቢላ ለሁለት ክፈሉት። ጥሩው ውስጥ የተፈጨ እህልና የገለፈት ቁራጭ ታገኛላችሁ፣ ሽፋኑ ሻካራና ሽብሽብ ነው። መጥፎው ውስጥ ያለው ውሃማ ገንፎ ነው። ሽፋኑ ተሰነጣጥቆ ወይም ጠቁሮ ቆስሎ ከሆነ ግን ከፋይበር የተለየ ነገር ጠርጥሩ፤ ከመጠን በላይ የተቃጠለ የዓሣ ዱቄት፣ የሻጋታ መርዝ ወይም ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ ናሙና ለሐኪም ያስፈልጋል።

ለሁለት ከፍላችሁ ሞክሩ

እኔ ያልኩትን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። አንዱን ቤት በመጋረጃ ወይም በሽቦ ለሁለት ክፈሉት። አንድ ዓይነት ጫጩት፣ እኩል ቁጥር፣ እኩል መጠጫና መመገቢያ። አንዱ ጎን የተለመደውን መኖ ይብላ፣ ሌላው ገለፈት የገባበትን። የምትሰጡትን መኖ እየመዘናችሁ ጻፉ፣ የተረፈውንም። በየሳምንቱ ከሁለቱም ጎን ሳትመርጡ የያዛችኋቸውን ዶሮዎች መዝኑ፤ ትልቋን ብቻ እያሳደዱ መያዝ የለም። መጨረሻ ላይ የበሉትን መኖ ለጨመሩት ክብደት አካፍሉ። ቁጥሩ ያነሰው ጎን አሸናፊ ነው፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት ያወጣው መኖ ስላነሰ።

ክብደቱን ስታነጻጽሩ አንድ ነገር አትርሱ። ገለፈት የበላችው ዶሮ መፍጫዋ ከባድ ነው፣ ውስጡም ሙሉ ነው። በቁም ሲመዘኑ እኩል ሆነው ታርደው ሲጸዱ ትንሽ ልትወርድ ትችላለች። ስለዚህ የምትሸጡት ጸድቶ ከሆነ ጸድቶ የተመዘነውን አወዳድሩ።

ከእርድ በፊት

መኖ እርድ ሊደርስ ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ሲቀረው ይነሳል፤ አንጀቷ ባዶ ሲሆን ሥጋው የመበከል ዕድሉ ይቀንሳል። ሻካራ ነገር መፍጫው ውስጥ ከዱቄት የበለጠ ይቆያል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ገለፈት የሌለበት መኖ ስጡ፣ ሙሉ ስንዴውንም አቁሙ። ውሃ ግን እስከ መጨረሻው ይኑር፤ ውሃ ከሌለ ምግቡ ወደ ታች አይወርድም። መኖውን ካነሳችሁ በኋላ ጉዝጓዝ መልቀም ከጀመሩ ደግሞ መፍጫው ባዶ አይሆንም፤ ከተቻለ መኖውን ያነሳችሁት ማታ መብራቱ ከመጥፋቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ይሁን፣ ጨለማ ውስጥ ብዙም አይለቅሙም።